ከእንጦጦ ሥር ማርጀት፦ የጸሎትን፣ የጾምንና የቤትን ልክ ዳግም ለመለካት ስምንት እርምጃ

ጉለሌ ውስጥ ማርጀት የዳገት ጉዳይ ነው። ሽሮ ሜዳም ይኑሩ፣ ቀጨኔም፣ ሩፋኤልም፣ አዲሱ ገበያም፣ ወይ መውጫው ወይ መመለሻው ሽቅብ ነው። በጉብዝናዎ ወራት፣ ወር በገባ በ21፣ ገና ሳይነጋ ተነሥተው እንጦጦ ማርያምን በእግርዎ ተሳልመው ለቁርስ ቤትዎ ይደርሱ ነበር። ዛሬ ያንኑ ዳገት ቀና ብለው ሲያዩት ጉልበትዎ አስቀድሞ መልሱን ይነግርዎታል።

እዚህ ላይ ሰው በሁለት መንገድ ይሳሳታል። አንዱ በሠላሳ ዓመቱ ልክ መጾሙን፣ መስገዱንና መቆሙን ይቀጥልና አንድ ቀን ቅዳሴ መካከል ይወድቃል። ሌላው «እንግዲህ ከእኔ ምን ይጠበቃል» ብሎ ሁሉንም ይተውና ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣል። የሽሮ ሜዳ ልብስ ሰፊ ግን ሰውነቱ ለተለወጠ ሰው ጥለቱን አይጥልበትም፤ ስፌቱን ፈትቶ በአዲስ ልክ ይሰፋለታል። ይህ መመሪያም የሚለው ያንኑ ነው፤ ሃይማኖትዎ ያው ነው፣ ልኩ ግን ዳግም ይለካ። የተጻፈው በተለይ ለኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ቢሆንም፣ ካቶሊክም ሆኑ ወንጌላዊ አማኝ ከቤትዎ ጋር የሚስማማውን ይውሰዱ።

1. ንስሐ አባትዎንና ሐኪምዎን በአንድ ሳምንት ውስጥ ያነጋግሩ

ከሁሉ በፊት ይህን ያድርጉ። ብዙ አረጋውያን ለሐኪሙ «እጾማለሁ» አይሉትም፤ ለንስሐ አባታቸውም «ስኳር አለብኝ» አይሏቸውም። ሁለቱም ግማሹን ብቻ ሰምተው ይመክራሉ።

ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ሲሄዱ የሚውጧቸውን ኪኒኖች በሙሉ ከነእሽጋቸው በፌስታል ይዘው ይሂዱ። ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የትኛው መድኃኒት ከምግብ ጋር መወሰድ አለበት? ሰዓቱ ወደ ማለዳ ወይም ወደ ማታ ሊዞር ይችላል? ምን ምልክት ሳይ ነው ጾሙን ወዲያው ማቋረጥ ያለብኝ?

መልሱን በወረቀት አስጽፈው ንስሐ አባትዎን ቤትዎ ይጥሩ። ለእርሳቸውም የሚጠየቅ አለ፦ እስከ ስንት ሰዓት ልጹም? በስግደት ፋንታ ምን ላድርግ? ተቀምጬ መጸለይ እችላለሁ? ሥጋ ወደሙ ለመቀበል 18 ሰዓት መጾም ሲኖርብኝ መድኃኒቱን እንዴት አደርገዋለሁ? በራስ ፈቃድ የቀነሱት ጾም ኅሊናን ሲወቅስ ይኖራል። ከአባት አንደበት የተቀበሉት ልክ ግን ቀኖና ነው፤ ያሳርፋል። ንስሐ አባትዎ አርፈው ወይም ርቀው ከሆነ ለአጥቢያዎ ደብር ጽሕፈት ቤት ይንገሩ፤ ሌላ አባት ያገናኙዎታል።

2. ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ሦስቱን ይያዙ

ሥርዓቱ ሰባት ጊዜ ነው፦ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓቱ ሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። ሁሉንም እይዛለሁ ብሎ በሳምንቱ ሁሉንም ከመጣል ሦስቱን መርጦ ማጽናት ይሻላል። ምስጢሩ ጸሎቱን ቀድሞም ከነበረ የቤት ሥራ ጋር ማሰር ነው። ነግህን ፊት ከመታጠብ ጋር፣ ዘጠኝ ሰዓትን ቡና ከመቁላት በፊት፣ ንዋምን በሩ ከተቀረቀረ በኋላ። ቡናው ሲታወስ ጸሎቱም ይታወሳል።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ካለዎት ብዙ አይዘኑበት። ከሩፋኤልም ሆነ ከቀጨኔ መድኃኔዓለም በኩል የሰዓታቱ ድምፅ ሲመጣ አልጋዎ ላይ ሆነው መከተል ይችላሉ። ለመነሣት ከፈለጉ ግን በድንገት አይነሡ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከአልጋ ተስፈንጥሮ ሲነሣ ዓይኑ ይጨልምበታል። መጀመሪያ ጎንዎን ያዙሩ፣ ከአልጋው ጠርዝ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይቀመጡ፣ መብራት ያብሩ፣ ከዚያ ይቁሙ። «በስመ አብ»ን ተቀምጦ መጀመር ነውር የለበትም።

3. የጸሎት ጥጉን ለአረጀ ጉልበት ያዘጋጁ

ሥዕለ አድኅኖው ወደ ምሥራቅ ባለው ግድግዳ ላይ ይሁን፤ ከፍታው ግን ተቀምጠው ሲያዩት አንገት የማያሳምም ይሁን። ከፊቱ መደገፊያና የእጅ ማረፊያ ያለው ወንበር ያስቀምጡ። ዱካ ለሽማግሌ አይመችም፤ ዝቅ ብሎ መቀመጡ ቀላል ነው፣ መነሣቱ ነው ችግሩ። ጫፉ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካለ ያንሡት፤ እግር የሚጠልፈው እሱ ነው። ስግደቱን ንስሐ አባትዎ ከፈቀዱልዎ ወንበሩን ይዘው ከወገብ ዝቅ በማለት ያድርጉት።

ጧፍና ሻማ ከመጋረጃ ይራቁ። አሸዋ የተሞላ የቆርቆሮ ጣሳ ላይ ይትከሏቸው፤ ቢወድቁም አሸዋው ላይ ይወድቃሉ። ነጠላዎን በጧፍ ላይ አያሻግሩ፤ ጫፉን ወደ ኋላ ያጣፉት። ከክፍሉ ሲወጡ «ለአንድ አፍታ ነው» ሳይሉ ያጥፉት። አስም ካለብዎ ዕጣኑን ያሳንሱና መስኮቱን ይክፈቱ።

ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ያን ጊዜ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ቤት ማስገባት ያምራል። አያስገቡ! በር ተዘግቶ የሚነድ ከሰል የማይታይና የማይሸት መርዝ ያወጣል፤ ተኝተው ሳሉ ይገድላል። ሲበርድዎት ሙቅ ውኃ በላስቲክ ከረጢት ከእግርዎ ሥር ያድርጉ፣ ሹራብ ይደርቡ፣ በላዩ ላይ ጋቢ። የእሳትና ድንገተኛ አደጋን 939 እና የቀይ መስቀል አምቡላንስን 907 በትልቁ ጽፈው ከስልኩ አጠገብ ይለጥፉ፤ ከንስሐ አባትዎ ስልክ ጎን ቢሆን ጥሩ ነው።

4. ዳዊቱን በንጉሥ ይቁጠሩ

ዳዊት ደጋሚ ሁሉ እንደሚያውቀው 150ው መዝሙር በ15 ንጉሥ ይከፈላል፤ አንዱ ንጉሥ አሥር መዝሙር ነው። የሳምንቱም ድርሻ የታወቀ ነው፦

ሰኞ ከ1 እስከ 30፤
ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፤
ረቡዕ ከ61 እስከ 80፤
ሐሙስ ከ81 እስከ 110፤
ዓርብ ከ111 እስከ 130፤
ቅዳሜ ከ131 እስከ 150፤
እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ።

ሦስት ንጉሥ በአንድ ጊዜ ዓይንን የሚያደክም ከሆነ ልኩን ያሳንሱ። በቀን አንድ ንጉሥ ቢደግሙ በ15 ቀን ይጨርሳሉ፤ በወር ሁለት ጊዜ ማለት ነው። ያም ከበደ? በቀን አምስት መዝሙር ያድርጉት፤ በወር አንድ ጊዜ ይሞላል። ያቆሙበትን ገጽ በክር ያመልክቱ፤ ማስታወስ ሲደክም ክሩ ያስታውሳል።

ፊደሉ ተለቅ ያለ የአማርኛ ዳዊት ይግዙ። መነጽርዎ ከሁለት ዓመት በላይ ከሆነው ዓይንዎን ይታዩ፤ ፊደሉ ተደበዘዘ ያሉት ሞራ ሊሆን ይችላል፤ ሞራ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። ማንበቡ ካልሆነልዎ የልጅ ልጅዎን «አንድ መዝሙር አንብብልኝ» ይበሉት። እርስዎ ይሰማሉ፣ እሱ ማንበብ ይለምዳል። በቃልዎ የያዙትን ውዳሴ ማርያም ግን ማንም አይወስድብዎትም፤ በየዕለቱ ድርሻው በቃል ይድገሙት። ለማስታወስ ኃይልም ይበጃል።

5. ጾሙን በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ያቅዱ

አጽዋማቱ ሳይታሰቡ የሚመጡ አይደሉም። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ነው። ነነዌ ሦስት ቀን፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ጾመ ሐዋርያት ከጰራቅሊጦስ ማግሥት እስከ ሐምሌ 5 ዋዜማ፤ በእነዚህ ላይ ገሃድና ረቡዕ ዓርብ አሉ። መስከረም ላይ የግድግዳ ካላንደር ሲሰቅሉ የጾሞቹን መግቢያ በቀይ እስክሪብቶ ያክብቡ። ከእያንዳንዱ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ የሐኪም ቀጠሮዎን ያድርጉ፤ ጾሙ ከገባ በኋላ መድኃኒት ማስተካከል ዘግይቷል።

ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው በጾም አታስገድድም። የስኳር ኪኒን ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምስ ሲቆይ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ መደናገር ከመጣ ሰዓት አይዩ፤ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ወይም ማር ወዲያው ይቅመሱ፣ ሰው ይጥሩ። የግፊት ኪኒን ደግሞ «ለጾሙ» ተብሎ አይቋረጥም። ንስሐ አባትዎ ሰዓቱን ካስቀሩልዎ ከፍስኩ ብቻ ይከልከሉ፤ እሱም ጾም ነው። ሥጋና ቅቤ መተው ከቀለለዎ ምላስን መጾም ይጨምሩበት፤ እሱ በስድሳ ዓመትም አይቀልም።

የጾሙ ገበታም ይታሰብበት። እንጀራ በሽሮ፣ ሽሮ በእንጀራ ብቻ ከሆነ ስኳርም ይጨምራል፣ አቅምም ይከዳል። እንጀራውን አሳንሰው ወጡን ያብዙ፦ ምስር፣ አተር ክክ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ፎሶልያ። ጥርስ ከሄደ የሱፍ ፍትፍት፣ የተልባ፣ በደንብ የበሰለ ንፍሮ፣ የአጃ ሾርባ አለ። ጨውን በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ ይተኩ። ፋሲካ ሲፈታ ደግሞ በዶሮና በቅቤ በአንዴ አይጣደፉ፤ ሃምሳው ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ የሌለበት ረጅም ጊዜ ነው።

6. ቤተ ክርስቲያንና ጠበል፦ ዳገቱን በብልሃት ይውጡት

ልብዎ የሚወደው ደብርና እግርዎ የሚደርስበት ደብር አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ለዘወትር የቅርቡን፣ በዓመት አንድ ሁለቴ የናፈቁትን ያድርጉ። ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባት እንጦጦ ማርያም ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ለልብ ሕመምተኛ ይሳሳል። ከሽሮ ሜዳ ሚኒባስ ይያዙ፤ ደርሰውም ትንሽ ሳይቀመጡ መራመድ አይጀምሩ። መስከረም 1 የራጉኤል ንግሥ፣ ጳጉሜን 3 የሩፋኤል ንግሥ ሕዝቡ ይተማል። በንግሡ ዕለት ግፊያውን ከማየት ዋዜማውን ቢሳለሙ፣ ወይም በማግሥቱ ቢሄዱ በረከቱ አይጎድልም። ጳጉሜን 3 የሚዘንበውን ዝናብ በደጃፍዎ በሣህን መቀበል ከአያቶችዎ የወረሱት ነው፤ ለዚያ ዳገት አያስፈልግም።

ጥምቀትን በተመለከተ፣ ጃን ሜዳ ጥር 10 ማታ ብርዱ ከባድ ነው። ከተራውን ቤት ሆነው ያክብሩ፤ ጥር 11፣ ወይም የሚካኤል ታቦት በሚመለስበት ጥር 12፣ ታቦቱ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ወንበር አውጥተው ይቀመጡ። ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ያደረገው ይህ በዓል በጉለሌ በደጅዎ ያልፋልና።

ቅዳሴ ላይ መቋሚያ ይያዙ። መቋሚያ የቀሳውስት ብቻ አይደለም፤ ለረጅም ቆሞ መጸለይ የተሠራ ድጋፍ ነው። ከዓምዱ ወይም ከግድግዳው አጠገብ ይቁሙ፣ ሲደክምዎ ይቀመጡ። ጫማዎ ሶሉ የሚይዝ፣ ሲያወልቁት መጎንበስ የማያስገድድ ይሁን፤ በክረምት የጭቃ መንገድ ከቅዳሴው በላይ ሰው ይጥላል።

ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም። እንጦጦ ማርያም ብዙ ሕሙማን ለጠበል በሚሰበሰቡበት ጊዜ፣ በ1999 ዓ.ም.፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ለስኳርና ለግፊት መድኃኒትም ነገሩ ያው ነው። ማለዳ ቀዝቃዛ ጠበል መጠመቅ ከከበደዎ አጥማቂውን «በመርጨት ይሁንልኝ» ይበሉ፤ ሰውም ይዘው ይሂዱ። ኩላሊት ወይም ልብ ካመመዎ በብዛት ከመጠጣትዎ በፊት ሐኪሙን ይጠይቁ።

7. ማኅበሩን፣ ሰንበቴውንና እድሩን አይልቀቁ፤ ሸክሙን ግን ያካፍሉ

ሰው በእርጅና የሚጎዳው ከምግብ ማነስ በላይ በብቸኝነት ነው። የጽዋ ማኅበርና ሰንበቴ ለዚህ የተሠሩ ናቸው፤ ወር ሲሞላ «የት ጠፋህ?» የሚል ሰው ይኖራል። ተራዎ ሲደርስ ድግሱን ማቅለል ይችላሉ። ጠላውን ከመጥመቅ የተጠመቀ ቢገዛ፣ ዳቦው ከጋገረ ሰው ቢመጣ ጠበል ጠዲቁ ያው ነው። ማኅበርተኞችዎ አብረው አርጅተዋልና «ከእንግዲህ ዳቦና ጠላ ብቻ ይሁን» ብሎ ሐሳብ የሚያነሣው ይፈለጋል፤ እርስዎ ይሁኑ።

የእድር ወርኃዊ መዋጮ በአንድ ልጅ ወይም ጎረቤት እጅ በየወሩ ይግባ። ደብተርዎ የት እንዳለ ሌላ ሰው ይወቅ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ለቀብር የሚያስወጣ አቅም ከሌለዎ ለቅሶ ደርሰው ተቀምጠው ማጽናናት ይችላሉ።

የቡና ጎረቤትም ያው ማኅበር ነው። ቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ዘንድ ሄደው ትንሽ ጀበና ያሠሩ፤ የሚንቀጠቀጥ እጅ በትልቁ ጀበና የፈላ ውኃ ይደፋል። ቡናውን ወጣቷ ትቅዳ፣ እርስዎ ይመርቁ። ሕጻናቱ የማይረሱት ከቡናው ይልቅ ምርቃቱን ነው።

8. ለልጆች የሚተዉትን አሁን ያሰናዱ

ይህ ሞትን መጥራት አይደለም፤ ከሞት በኋላ የሚነሣ ጠብን ማስቀረት ነው። በአንድ ፖስታ ውስጥ ያኑሩ፦ የቤት ካርታ፣ የባንክና የጡረታ ደብተር፣ የእድር መታወቂያ፣ የሚከፍሉትና የሚቀበሉት ዕዳ ዝርዝር፣ ንስሐ አባትዎ ማን እንደሆኑ። ኑዛዜ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ይደረጋል። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ በራስዎ እጅ የሚጽፉት ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በራስዎ እጅ የተጻፈ መሆን አለበት፤ ለልጅ አስጽፎ መፈረም አይሆንም። ከውልና ማስረጃ ወይም ከጠበቃ ጋር ቢማከሩ ይጠቅማል። ስለ ተስካርዎም ይናዘዙ፦ «ለድንኳንና ለሰንጋ ዕዳ አትግቡ፤ ፍትሐቱን አስደርጉ፣ ለነዳያን ስጡ» ብሎ በግልጽ መናገር ልጆችን ከይሉኝታ ያወጣቸዋል።

ልጆችዎ ውጭ ከሆኑ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ይያዙ። ሲደውሉ ሕመምዎን ብቻ አይንገሯቸው፤ የዕለቱን በዓል ይንገሯቸው። «ዛሬ 27 ነው፣ መድኃኔዓለም ነው» ሲሏቸው አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀው የጉለሌን ደወል ይሰማሉ።

የመጀመሪያው ሳምንት

ሰኞ የኪኒን ፌስታሉን ያዘጋጁ፤ ማክሰኞ ጤና ጣቢያ። ረቡዕ ንስሐ አባትዎን ይጥሩ። ሐሙስ ምንጣፉን ያንሡ፣ ወንበሩን ያስቀምጡ፣ ጣሳውን በአሸዋ ይሙሉ። ዓርብ ዳዊቱ ላይ ክሩን ያኑሩ። ቅዳሜ ከልጅ ጋር ፖስታውን ያሰናዱ። እሑድ በቅርቡ ደብር ያስቀድሱ፤ ከዓምዱ አጠገብ፣ መቋሚያ ይዘው።

ሲመለሱ ደጃፍዎ ላይ ቆም ይበሉ። ከባሕር ዛፉ በላይ እንጦጦ ትታያለች። በታክሲ የሚያልፉ ሰዎች ባርኔጣቸውን አንሥተው ከሩቅ ሲያማትቡ አይተዋል። እርስዎም ነጠላዎን አስተካክለው፣ ወገብዎን ዝቅ አድርገው፣ ካሉበት ሆነው ይሳለሟት። ጎረቤት ካለፈ «እንደምን አደሩ» ይበሉት። ቡናው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።